መጀመሪያ ሰዓትሽን ቁጠሪ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጤናሽስ? ልጆቹስ አደጉ? ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን መክረማችንን ሳስበው አይዋጥልኝም። አልተጣላንም፣ አልተቀያየምንም። ኑሮ አንቺን በዚያ፣ እኔን በዚህ ይዞን ነው። ስምሽን ስልኬ ላይ ሳየው የተሰማኝን ደስታ ብታይው ኖሮ! ወዲያው ልመልስልሽ ጀምሬ ተውኩት። «የቆዳ ሥራዬን ኦንላይን መሸጥ አስቤያለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ለሚል ጥያቄ ሁለት መስመር አይበቃውም። ስለዚህ እንደ ድሯችን ደብዳቤ ይሁን ብያለሁ።

በቅድሚያ እንኳን አሰብሽው! የሰጠሽኝን የኪስ ቦርሳ እስከ ዛሬ እይዘዋለሁ። ጠርዙ አልተላጠም፣ ስፌቱ አልተተረተረም። እንዲህ ያለ ሙያ ይዘሽ ቤት መቀመጥሽ ሁልጊዜ ይቆጨኝ ነበር።

ከዋጋ ልጀምር። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሱቁ ስምና ከሎጎ ነው። እኔ የኪሮሽ ሻርፖቼን መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ ሲዘጉ ያየኋቸው የእጅ ሥራ ሱቆች ግን በስም ማጣት አልተዘጉም። ብዙዎቹ ደንበኛም ነበራቸው። ሸጠው ሸጠው፣ ሌሊቱን ሁሉ ሠርተው፣ መጨረሻ ላይ እጃቸው ላይ የቀረ ነገር ሲያጡ ነው ተስፋ የቆረጡት። የክሩን፣ የቆዳውን፣ የዚፑን ሒሳብ ይይዛሉ። ቁጭ ብለው የሠሩበትን ሰዓት ግን ከቁጥር አያስገቡትም። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ብትቀሪ ይህንን ያዢልኝ፤ ከመጀመሪያዋ ሽያጭ ጀምሮ ሰዓትሽ ዋጋው ውስጥ ይግባ።

እንዲህ አድርጊ። ቀጥሎ የምትሠሪውን የኪስ ቦርሳ ስትጀምሪ የስልክሽን ሰዓት መቁጠሪያ አስነሺ። ቆዳውን መቁረጡ አለ። ቀዳዳውን ማመልከቱ፣ በወስፌ መብሳቱ፣ ክሩን ሰም ማስነካቱ፣ መስፋቱ አለ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱ፣ ቀለም መቀባቱ፣ እስኪያብረቀርቅ በጨርቅ ማሸቱ አለ። ፎቶ የምታነሺበትንና የምታሽጊበትንም ጨምሪ። ስልክ ሲደወልልሽ አቁሚው፣ ስትመለሺ አስቀጥይው። የሚመጣው ቁጥር ከገመትሽው እንደሚበልጥ ከአሁኑ ልንገርሽ።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ። ለምሳሌ ያህል ስለሆነ በፈለግሽው ገንዘብ አስቢው። ቆዳውና ክሩ 100 ወጣበት እንበል። ማሸጊያው 20። ሥራው 3 ሰዓት ፈጀ፣ ለሰዓትሽ 80 ቆረጥሽ፣ 240 ሆነ። ድምሩ 360 ነው። ይህ ገና ወጪሽ ነው። ወስፌ ይሰበራል፣ ቆዳ ይበላሻል፣ ዕቃ ይመለሳል፣ ምንም የማይሸጥበት ወርም አለ። ለዚህ ሁሉ 90 ጨምሪበት፤ 450 ደረስን። አሁን ደግሞ የምትሸጪበት ገበያ ኮሚሽን ይቆርጣል፤ 10 በመቶ ይሁን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 450 ላይ 10 በመቶ ደምሮ 495 ብሎ ይለጥፋል። ገበያው የሚቆርጠው ግን ከ495ቱ ነው። 49.50 ሲወስድ እጅሽ የሚገባው 445.50 ይሆናል። ጎደለብሽ ማለት ነው። ትክክለኛው 450ን ለ0.9 ማካፈል ነው። 500 ይወጣል፤ 50 ተቆርጦ 450 ይገባልሻል። የ4.50 ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። መቶ ቦርሳ ስትሸጪ ግን አንድ ሙሉ ቦርሳ በነፃ ሰጠሽ ማለት ነው።

«ይህማ ውድ ነው» የሚልሽ አይጠፋም። ከፋብሪካ ዕቃ ጋር የሚያወዳድርሽም ይኖራል። ከፋብሪካ ጋር በዋጋ አትፎካከሪ፣ አታሸንፊውም። የምር ዋጋው ከብዶ አልሸጥ ካለሽ የሰዓትሽን ክፍያ ሳይሆን የሚፈጀውን ሰዓት ቀንሺ። አንድ አንድ እያልሽ ከምትቆርጪ አሥሩን በአንድ ጊዜ ቁረጪ፣ በሌላ ቀን አሥሩንም ብሺ። ንድፉን አቅልዪው። አነስ ያለ ዕቃም ጨምሪ፤ የቁልፍ መያዣ፣ የካርድ መያዣ። ስምሽን የማያውቅ ገዢ በትንሹ ሊሞክርሽ ይችላል፣ አንቺም የተረፈሽን ቁራጭ ቆዳ ትጠቀሚበታለሽ።

ወደ ሱቁ ልምጣ። ዕቃ ከመለጠፍሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። የመረጥሽው ገበያ አንቺ ባለሽበት አገር ላለ ሻጭ ገንዘብ ይከፍላል ወይ? በምን በኩል? ይህን ሳያጣሩ ፎቶና ጽሑፍ ሲያዘጋጁ ሰንብተው፣ መጨረሻ ላይ አገራቸውን ዝርዝሩ ውስጥ የሚያጡ አሉ።

በእጅ ሥራ ዋነኛው የኦንላይን ገበያ ኤትሲ (Etsy) ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ነው የተመሠረተው። አንድ ዕቃ ለመለጠፍ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል፣ ያም ለ4 ወር ነው። ሲሸጥ 6.5 በመቶ ይቆርጣል፤ ከዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ገዢው ለመላኪያ ከከፈለውም ጭምር። ክፍያ የሚያስተናግድበት ደግሞ ለብቻው ነው፣ እንደየአገሩ ይለያያል። ሌላም አለ። ኤትሲ ዕቃሽን በሌሎች ድረ ገጾች ላይ አስተዋውቆ በዚያ በኩል ገዢ ከመጣልሽ ተጨማሪ 15 በመቶ ይወስዳል። በአንድ ዓመት ውስጥ 10,000 ዶላር ሸጦ የማያውቅ ሱቅ ይህን ማጥፋት ይፈቀድለታል። ሱቁን እንደከፈትሽ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ትፈልጊው እንደሆነ ወስኚ፤ አለበለዚያ ያ የለፋሽበት ሒሳብ ይፋለስብሻል።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ኮሚሽኑን ከ5 ወደ 6.5 በመቶ ሲያሳድጉት ብዙ ሻጮች ሱቃቸውን ለጊዜው ዘግተው አድማ መትተው ነበር። ጭማሪው ግን ጸና። በሰው ገበያ ስትሸጪ ደንቡን የሚያወጣው ባለ ገበያው ነው፣ ይህን እያወቅሽ ግቢ።

ሾፒፋይ (Shopify) በሚባለው የኦንላይን ሱቅ መክፈቻ የራስሽን ድረ ገጽ መክፈትም ትችያለሽ። የሾፒፋይ መሥራቾች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ ኦንላይን ሊሸጡ ተነስተው፣ የሚሆናቸው ሶፍትዌር ስላጡ ነው የራሳቸውን የሠሩት። ሁሉ ነገር በእጅሽ ይሆናል፣ ወርሃዊ ክፍያ ግን አለው። ደግሞም ለጀማሪ ሰው በማያልፍበት መንገድ ላይ ሱቅ እንደ መክፈት ነው፤ ገዢውን ራስሽ ጎትተሽ ማምጣት አለብሽ። እኔ የምመክርሽ ገዢው አስቀድሞ ዕቃ በሚፈልግበት ቦታ እንድትጀምሪ ነው። ስምሽ ሲታወቅ የራስሽን ትከፍቻለሽ። ኢንስታግራምና ቴሌግራም ሥራሽን ለማሳየት ጥሩ ናቸው፤ ስትሰፊ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሰው ይወዳል። ሁለት ሦስት ቦታ በአንዴ ግን አትክፈቺ። አንዱ ቦታ የተሸጠው ዕቃ ሌላው ላይ እንዳለ ይቀርና ከገዢ ጋር ትነታረኪያለሽ።

አሁን ፎቶ። ገዢው ዕቃሽን በእጁ አይዳስሰውም፣ አያሸተውም። ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። ውድ ካሜራ አትግዢ፣ ስልክሽ ይበቃል። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ አስጠጊ። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ ስስ ነጭ ጨርቅ ጋርጂበት። ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል ነጭ ካርቶን አቁሚ፤ ብርሃኑን መልሶ ስለሚጥል ጥላው ይለሰልሳል። የቤቱን አምፖል አጥፊ፣ ቢጫው ብርሃን ከመስኮቱ ጋር ሲቀላቀል የቆዳውን ቀለም ይለውጠዋል። ቡኒ ነው ብሎ ያዘዘ ሰው ቀይ ዳማ ሲደርሰው ይመልሰዋል። አንዱን ፎቶ በእጅ ተይዞ አንሺው፣ መጠኑ እንዲታወቅ። አንዱን ተከፍቶ፣ ካርዶች ገብተውበት። አንዱን ደግሞ ስፌቱ ላይ ተጠግተሽ።

ስለ ስፌቱ ካነሳሁ አይቀር፣ መግለጫው ላይ «ጥራት ያለው፣ የሚያምር» ብለሽ እንዳታልፊው አደራ። እሱን ሁሉም ይጽፈዋል። አንቺ አንዱን ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ አስገብተሽ፣ በየቀዳዳው ከግራም ከቀኝም እያሳለፍሽ ነው የምትሰፊው። የማሽን ስፌት የላይና የታች ክር እርስ በርስ እየተቆላለፉ የሚይዙት ስለሆነ አንድ ቦታ ሲበጠስ መተርተር ይቀናዋል። የአንቺ ግን አንዱ ቢበጠስ የቀረው እንደያዘ ይቆያል። ገዢው ይህን አያውቅም። በሦስት ዓረፍተ ነገር ንገሪው፣ ከዚያ ዋጋውን ሲያይ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ልኩን በሴንቲሜትር፣ የቆዳውን ዓይነት፣ ስንት ካርድ እንደሚይዝ፣ ውኃ ቢነካው ምን እንደሚደረግ ጻፊ። ኤትሲ ላይ ለአንድ ዕቃ 13 መፈለጊያ ቃል ይፈቀዳል፣ እያንዳንዱ እስከ 20 ፊደል። ሁሉንም ተጠቀሚባቸው። ገዢ ሲፈልግ የሚጽፈውን ቃል አስቢ። ብዙ ሰው «የእጅ ሥራ» ብሎ አይፈልግም፣ «ለአባት ስጦታ የኪስ ቦርሳ» ብሎ ይፈልጋል።

ስም ወይም ፊደል አትመሽ የምትሸጪ ከሆነ የስሙን አጻጻፍ ራሱ ገዢው በጽሑፍ ይላክልሽ፣ አንቺም መልሰሽ አረጋግጪ። በቃል አትቀበዪ። የታወቀ ካርቱን ወይም የትልቅ ብራንድ ምልክት አትሚልኝ የሚልሽም ይመጣል። እምቢ በይ። የባለቤትነት መብት ያለበት ስለሆነ ሱቅሽን እስከ መዘጋት ያደርሰዋል።

በመላኪያ በኩል ዕድለኛ ነሽ። ኩሪየሮች፣ ማለትም ዕቃ አድራሽ ድርጅቶች፣ ክብደቱን ብቻ አይደለም የሚያዩት። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲሜትር አባዝተው በብዛት ለ5,000 ያካፍሉና፣ የወጣውን በኪሎ ቆጥረው ከሚዛኑ ክብደት ጋር አወዳድረው በበለጠው ያስከፍላሉ። የኔ ሻርፖች አየር ብቻ ሆነው እንደ ከባድ ዕቃ ይቆጠራሉ። የአንቺ ቦርሳ ጠፍጣፋ ነው። ቢሆንም ካሸግሽው በኋላ መዝኚው፣ ከዚያ ዋጋ ጠይቂ።

ውጭ አገር የምትልኪ ከሆነ የቀረጡን ነገር ቀድመሽ እወቂ። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። አውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የምርት ደኅንነት ደንብ፣ ከውጭ የሚልክ ሻጭ እዚያው ኅብረቱ ውስጥ ኃላፊነት የሚወስድ ተወካይ እንዲኖረው ይጠይቃል። በእጅ የተሠራ ነው ተብሎ አይታለፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርብ ላለ ገዢ ሽጪ፣ የሩቁ ይደርሳል።

መጀመሪያ ላይ ዝም ይልሻል። ለጥፈሽ ትጠብቂያለሽ፣ ማንም አይጠይቅም። ያኔ ብዙ ሰው ዋጋ መቀነስ ያምረዋል። እባክሽ እንዳታደርጊው። ዋጋው ላይ ከመድረስሽ በፊት የመጀመሪያውን ፎቶ ቀይሪ፣ ርዕሱን ቀይሪ፣ ጥቂት ዕቃ ጨምሪ። አንድ ሰው ገዝቶ ሲደሰት አስተያየት እንዲጽፍልሽ ሳታፍሪ ጠይቂው። ለሁለተኛው ገዢ ከአንቺ ቃል ይልቅ የእሱ ቃል ይበልጥበታል።

በይ እንግዲህ ሥራ ልስጥሽ። አንድ ቦርሳ ሰዓት እየያዝሽ ሥሪና ሰዓቱንና ወጪውን ጻፊልኝ። መስኮት አጠገብ ያነሳሽውንም ፎቶ ላኪልኝ። ዋጋውን አብረን እናወጣዋለን፣ መግለጫውንም ከፈለግሽ አይልሻለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ ደውዪልኝ። ስለ ሱቁ ብቻ አይደለም፤ የልጆቹን፣ የራስሽንም ወሬ በሙሉ እፈልጋለሁ።

ናፋቂሽ ጓደኛሽ