የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰማሁት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ስለ አዲሱ ጉንፋን የላክሽልኝን ሰማሁት። ሰውየው «ዶክተር ነኝ» ይላል እንጂ ስሙንም የሚሠራበትንም አይናገርም። የደም ግፊት መድኃኒት አቁሙ ካለ በኋላ «ሳይጠፋ ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ» ማለቱን ልብ ብለሻል? በኮቪድ ጊዜም ይኸው ወሬ ተነስቶ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ ብለው ነበር።

ያኔ «አስር ሰከንድ ትንፋሹን ይዞ ያላሳለ ሰው ከኮቪድ ነፃ ነው» የተባለውስ ትዝ ይልሻል? ጉንጭሽን ነፍተሽ በጣትሽ ስትቆጥሪ በቪዲዮ እያየሁሽ ሳቄ አመለጠኝ። ነገሩ ግን አያስቅም። ቫይረሱ ያለበት ወጣት ትንፋሹን እንደ ልቡ ይይዛል፤ ከዚያ ተማምኖ አያቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። ኢራን ውስጥማ አልኮል ያድናል ተብሎ ሜታኖል የተባለውን መርዛማ አልኮል የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

ስለ ጤና ድርጅቶቹ «እነሱም እኮ ይቀያይራሉ» ያልሽው እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ ጤነኛ ሰው ማስክ አያስፈልገውም አለ። የሐኪሞቹ ማስክ እንዳያልቅ ስጋት ነበር። ምልክት የሌለበት ሰውም እንደሚያስተላልፍ እየታወቀ ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ቫይረሱ በተሠራጨበትና መራራቅ በማይቻልበት ቦታ የጨርቅ ማስክ ይደረግ አለ። በዚህ አልቀየምም። የምቀየመው በአነጋገራቸው ነው። በማርች 2020 «ኮቪድ በአየር አይተላለፍም» ብለው ቁርጥ አድርገው ጻፉ፤ በ2021 በአየርም እንደሚተላለፍ ተቀበሉ። «እስካሁን የምናውቀው ይህን ነው» ቢሉ ምን ነበረበት? አንቺም ያኔ «ዋሹን» ብለሽ ጆሮሽን ባልደፈንሽ።

ዜናውን ቀኑን ሙሉ ከፍተሽ አትዋዪ፤ ጠዋትና ማታ ይበቃል። የሟች ቁጥር ደጋግሞ መስማት እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ምን አድርጊ አይልሽም። አንቺን የሚመለከተው በሽታው ያለሽበት ደርሷል ወይ፣ በዕድሜሽ ላለ ሰው ምን ተመከረ የሚለው ነው። እሱንም የሚከታተልሽ ሐኪም ከማንም የድምፅ መልእክት በተሻለ ይነግርሻል፤ ኩላሊትሽንም ግፊትሽንም ያውቃል።

ኪኒንሽን ዛሬም እንደወትሮው ዋጪ። መልእክቱን ለአክስቴ ልከሽላት ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ደውይላት፤ እሷም የምትወስደው ያንኑ ነው።

ልጅሽ