ሆስፒታል ዋርድ ለሚገባው ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ሰኞ አታችመንት፣ ያው የሆስፒታል የተግባር ልምምድህን፣ እንደምትጀምር አባትህ ነገረኝ። መርፌ አወጋጉን፣ ግፊት አለካኩን መምህሮችህ ያሳዩሃል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። የምጽፍልህ ስለ ሰው አያያዝ ነው።

አያትህ ሆስፒታል ተኝታ ሳስታምማት ስንቱን ተማሪ አየሁ! ብዙዎቹ «እንዴት አደሩ?» ይላሉ። እሷም «ተመስገን» ትላለች። በቃ፣ ካርዱ ላይ ጽፈው ወደሚቀጥለው አልጋ። የኛ አገር ሽማግሌ ነፍሱ ልትወጣ ብትደርስም «ተመስገን» ማለቱን አይተውም። አንዷ ተማሪ ግን ግፊቷን ለክታ ስትጨርስ አልሄደችም። አልጋው ሥር ቁጢጥ ብላ «እማማ፣ ሌሊት በየትኛው ጎንዎ ተኙ?» አለቻት። «ምን መተኛት አለ ልጄ፤ በቀኝ ስሆን ይወጋኛል፣ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት።» አጠገቧ ላደርኩት ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለችም! ልጅቷ ወዲያው ሄዳ ሲስተሯን ይዛ መጣች።

«ሶሻል ኢንተለጀንስ» የምትሉት፣ ሰውን የመረዳትና የመያዝ ብልህነት፣ ይሄ ይመስለኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሲጽፍ፣ ሰው ከሰው ጋር በሚውልበት ሁሉ እንደሚታይ፣ በፈተና ለመለካት ግን እንደሚያስቸግር ተናግሮ ነበር። ስለዚህ በኮሙኒኬሽን ኮርስ ኤ አመጣሁ ብለህ አትዘናጋ።

ታካሚን «አልጋ 7» ብለህ አትጥራ። እማማ፣ አባባ በል። (ሃምሳ ያልሞላትን አዲስ አበቤ እማማ ካልክ ግን ጉድህ ፈላ፤ ስሟን ጠይቅ።) ስለ ሽንቷ ስትጠይቃት ያቀረቀረች ሴት አፍራ ነው። ከክፍልህ ሴት ልጅ ጥራና እሷ ትጠይቅልህ።

ከባዱ የምርመራ ውጤት ነው። እኛ ዘንድ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። አስታማሚ ኮሪደር ላይ ይዞህ «ውጤቱ ምን አለ?» ቢልህ፣ መናገሩ የሐኪሙ ድርሻ ነው። ግን «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለህ እብስ አትበል። ፊትህን ያነቡታል። «ዶክተሩ ያነጋግራችኋል፣ ሄጄ ልጥራው» በል፤ ደግሞ የምርህን ጥራው።

የአዳር ተራዋን (ዱቲዋን) የጨረሰች ሲስተር ብትጮህብህ አትመላለስ። ስንት ታካሚ ይዛ እንዳነጋች አስብ። ጥያቄህን የተረኞቹ ርክክብ ሲያልቅ ታነሳዋለህ።

ቅዳሜ ደውልና የገጠመህን ንገረኝ። የታካሚዎቹን ስም ግን ለእኔም እንዳትነግረኝ።

እናትህ