የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ በ2011 ዓ.ም.፦ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ

የክበባት ዘገባ ሲባል መጀመሪያ የሚጻፈው ችግኝ ነው። ዘንድሮም ተክለናል። ከተከልን በኋላ ውሃ ያጠጡት ግን የዘጠነኛ ክፍል ሴቶች ብቻ መሆናቸውን የግቢው ጥበቃዎች ይመሰክራሉ። በሚኒ ሚዲያ ስለ ፌስታልና ስለ ቆሻሻ ተናግረናል፤ የሰማን ካለ እግዜር ይስጠው። ይህን በዚሁ ልለፈው። የክበቡን አባላት ስለ ዓመቱ ብትጠይቋቸው የሚያወሯችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ጉዞ።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። በስብሰባ መሃል "ሰሜን ተራሮች ፓርክ የገባ እጁን ያውጣ" አልኩ። አንድ ልጅ ብቻ አወጣ። እሱም ሲጣራ ለሰርግ ደባርቅ ድረስ ሄዶ የተመለሰ ነው። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ አስፋልት ነው። ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ የእኛ ልጅ ዋልያን የሚያውቀው በብሔራዊ ቡድኑ ስም ነው። እኔን ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ፓርኩን ከማንም በፊት ማየት ያለበት የዚህ አገር ልጅ ነው ባይ ነኝ፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

የመግቢያው ዋጋ ለኢትዮጵያዊ ከባድ አልነበረም። የከበደው ትራንስፖርቱ ነበር። ቆሎና ሻይ ሸጠን፣ ወላጆችም አዋጥተው ሞላ። "ቲቸር፣ ለማትሪክ ይጠቅማቸዋል?" ያሉኝ አባት ነበሩ። እሳቸውን ለማሳመን ብዙ ሻይ ጠጥተናል። የሴቶቹ እናቶች ደግሞ ስለ ማደሪያው ደጋግመው ጠየቁ፤ መብታቸው ነው። ሁለት ሴት መምህራን አብረው እንደሚያድሩ ሲሰሙ ፈቀዱ።

በጥር መጨረሻ፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ተነሳን። ደባርቅ ተመዝግበን፣ አስጎብኚና ስካውት የሚባለውን የፓርኩን ጠባቂ ይዘን፣ በመኪና ፓርኩ ውስጥ ካለው የሳንቃበር ማደሪያ ገባን። ሳንቃበር ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ነው። ደጋ ነን ስንል የኖርን ጎንደሬዎች እዚያ ስንደርስ ቆለኛ ሆንን። ስካውቱ መሣሪያውን አንግቶ ፊት ፊት ይሄዳል። ሲናገር የሰማነው ጥቂት ነው። "ቀስ በሉ ልጆቼ፤ የሮጠ ማታ ራሱን ያመዋል" አለ። እንዳለውም ሆነ። ጠዋት እንደ ፍየል ሲዘሉ የነበሩት ወንዶች ማታ ግንባራቸውን በነጠላ አስረው ተኙ።

ወደ ቀጣዩ ማደሪያችን ወደ ግጭ ስንሄድ የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ አየነው። በጋ ስለሆነ ውሃው ቀጥኗል። ገደሉ ግን ያው ገደል ነው፤ ወደ ጠርዙ የተጠጋውን ሁሉ እየጮህኩ ስመልስ ድምፄ ተዘጋ።

ከዚያ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መጡ። መጡ ከማለት እኛ መሃላቸው ገባን ማለት ይሻላል። ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ይበላሉ። በክረምት ለምለሙን ሣር ይነጫሉ፤ በበጋ ሲደርቅ ሥሩን በጣታቸው ቆፍረው ያወጣሉ። አንዷ እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ ከእኛ አምስት ስድስት እርምጃ ርቃ ስትቆፍር ብዙ ቆየች። አፈሩን በሁለት እጇ ታራግፋለች፣ ሥሩን ትመርጣለች፣ ታኝካለች። ቀና ብላም አላየችንም። በኋላ አንዱ ጎፈሬያም ወንድ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን አሳየን። ልጆቹ ሳቀልን ብለው ሳቁ። አስጎብኚው "ኧረ ተቆጥቶ ነው፤ ወደኋላ በሉ" አላቸው። ሲመሽ ሁሉም ተራ በተራ ወደ ገደሉ ወረዱ። ነብርና ጅብ እንዳያገኛቸው የሚያድሩት እዚያ ገደል ላይ ነው።

ግጭ 3,600 ሜትር ነው። ጓሳ ሣርና ጅብራ የሚባለው ረዥም ተክል ብቻ። ጅብራ ለዓመታት ያድግና አንዴ አብቦ ይሞታል። ይህንን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ብዕር ያነሳ አልነበረም፤ እዚያ ግን ሳልጠይቃቸው ጻፉ። ማታ ድንቹ አልበስል አለ። ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ይዛ የመጣች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሚፈላው ድስት ውስጥ ብትከተው 88 ዲግሪ አካባቢ ቆመ። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ከመቶ በታች ይፈላል። የፊዚክሱ መምህር የደስ ደስ እዚያው በባትሪ ብርሃን ሌክቸር ጀመረ፤ እኛ ግን ርቦናል። ሌሊት የጄሪካኑ ውሃ በረዶ ሠራ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለው ሰው የግጭን ጥር አላየም።

ዕቃችንን የጫኑልን ባለ በቅሎ የግጭ ተወላጅ ናቸው። ነዋሪው ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደባርቅ ተነሥቷል፤ ልቅ ግጦሹና እርሻው ፓርኩን አስጨንቆት ስለነበር። ሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጀመር ከላሊበላ ጋር የገባ ቦታ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመደበ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ይህንን ለልጆቹ በኩራት ሳስረዳ ሰውየው ሰሙኝ። አንድ የድንጋይ ክምር እያሳዩ "ይኼ የኔ በር ነበር" አሉ። አንዱ ተማሪ "ጋሼ፣ ደባርቅ ይሻላል?" አላቸው። "ለልጆቹ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው" አሉና በቅሏቸውን ነዱ። ከዚያ በኋላ ስለ ፓርኩ ስናገር ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

በማግስቱ እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ ላይ ወጣን፤ 3,926 ሜትር። በሦስት በኩል ገደል ነው፤ ታች ቆላው በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ከዚያ ወደ ጨነቅ ያለው መንገድ ረዥም ነው፤ ያለቀሰም ነበር። የአንዱ ሸራ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ በገመድ አሰርንለት። ዋልያውን ያገኘነው ጨነቅ ልንገባ ስንል ነው። ቀንዱ ወደ ጀርባው የቆለመመ ትልቅ ወንድ ገደሉ ላይ ቆሟል፤ ከበታቹ ሁለት ሴቶች ይግጣሉ። በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ ሌላ የትም የለም፤ ያለውም ጥቂት መቶ ነው። ስልክ ያወጣ አልነበረም፤ ባትሪው ሁሉ በጭላዳ አልቋል።

መጋቢት ላይ ፓርኩ ተቃጠለ። ጓሳው ገና በጥር ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ስካውቱ ከማብሰያው ቦታ ውጭ ክብሪት እንኳ አታውጡ ያለን ለዚህ ነው። ዜናው "ግጭ አካባቢ" ሲል የክበቡ ልጆች ቦታውን ያውቁታል፤ የትኛው ሜዳ፣ የትኛው የአስታ ዛፍ ጫካ እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ለማጥፋት እንሂድ አሉ፤ ከለከልን። በምትኩ ለእሳት አጥፊዎቹ ውሃና ብስኩት ሰብስበው ላኩ። ቆሎ ስንሸጥ ካገኘነው የበለጠ በሁለት ቀን ሰበሰቡ። እሳቱ አንዴ ጠፋ ተብሎ እንደገና ተነሣ። የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ተረባረበ፣ የእስራኤል እሳት አጥፊዎችና ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተር ታከሉበት፣ ዝናቡም ደረሰ፤ ሚያዝያ ላይ ጠፋ።

ለ2012 የቧሂትን ተራራ አስበናል፤ 4,430 ሜትር ነው። ያ "ለማትሪክ ይጠቅማል ወይ" ያሉት አባት ለትንሿ ልጃቸው ከአሁኑ ቦታ አስይዘዋል። ምዝገባው መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ቤተ ሙከራው በር ላይ ነው። ወፍራም ካልሲና ጋቢ ግዴታ ነው፤ ሸራ ጫማ አድርጎ የመጣ ግን ከደባርቅ አያልፍም።