የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ኬጢያዊው ማን ነው?

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፦ መጽሐፍ ቅዱስ «ኬጢያዊ» የሚለው ማንን ነው? ለአብርሃም የመቃብር ቦታ የሸጠው ኤፍሮን ኬጢያዊ ነው። የቤርሳቤህ ባል ኦርዮም ኬጢያዊ ነው። በ2ኛ ነገሥት 7 የሶርያ ሠራዊት ድንኳኑን ጥሎ በሌሊት የሸሸውም የእስራኤል ንጉሥ የኬጢያውያንን ነገሥታት ቀጥሮ ያመጣበት መስሎት ነው። የኬብሮን ባለርስት፣ የዳዊት ወታደርና ሠረገላ ያላቸው ነገሥታት በአንድ ስም ተጠርተዋል። መስከረም ላይ አባላቱን ስንጠይቅ ብዙዎቹ «ከከነዓን ነገዶች አንዱ» ብለው መለሱ። ስህተት አይደለም፤ ግን የጥያቄውን ሲሶ ያህል ብቻ ነው የሚመልሰው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ሴሚስተር በካርታና በጊዜ መስመር አለቀ። ለጊዜ መስመሩ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን 1 ሳንቲ ሜትርን ለ5 ዓመት ሰጠን፤ ከ1700 እስከ 500 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ከዚህ በታች «ዓ.ዓ.») ልክ ይሞላል። እዚህ ላይ ሁሌም የሚያጋጥመው ስህተት ከልደት በፊት ያለው ቁጥር ወደ ታች እንደሚቆጥር መርሳት ነው። የ1180ን ካርድ ከ1274 በስተግራ የለጠፈው ቡድን የኬጢያውያን መንግሥት በ1180 ከወደቀ በኋላ በ1274 ከግብጽ ጋር የገጠመበትን የቃዴስን ጦርነት አዋግቶታል። ካርዶቹን ከመለጠፍ በፊት «ዜሮው በስተቀኝ ነው» ብሎ ቀስት መሳል ይበቃል።

መስመሩ ተሞልቶ ሲያልቅ የታየው ይህ ነው። ከአንካራ በስተምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዛሬ ቦአዝካሌ በምትባለው የቱርክ ከተማ አጠገብ፣ ሐቱሳ የምትባል፣ ዛሬ ኬጢያውያን የሚባሉት ሰዎች መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። ፍርስራሿን ፈረንሳዊው ቻርልስ ቴክሲዬ በ1834 አየው፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቀም። በ1906 ሁጎ ዊንክለርና ቴዎዶር ማክሪዲ ቁፋሮ ጀመሩ፣ መዝገብ ቤቱም ወጣ። በየጊዜው በተካሄደው ቁፋሮ የተገኙት የሸክላ ሰሌዳዎችና ስብርባሪዎች 30,000 ያህል ናቸው። ከእነሱ መካከል የሐቱሳው ሦስተኛው ሐቱሺሊና የግብጹ ሁለተኛው ራምሴስ በ1259 ዓ.ዓ. ገደማ የተዋዋሉት የሰላም ውል ይገኛል። በ1274 ዓ.ዓ. ገደማ በቃዴስ ከተደረገው ጦርነት 15 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የውሉ አንዱ ቅጂ በግብጽ ጽሕፈት በካርናክ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ ሌላው በአካድኛ በሸክላ ላይ ተጽፏል። አካድኛ ሴማዊ ቋንቋ ስለሆነ አንዳንድ ቃሉ ለእኛ ጆሮ ሩቅ አይደለም፤ «ቢቱ» ቤት ነው፣ «አኁ» ደግሞ የግእዙ እኁ፣ ወንድም።

ነገሩን የሚያወሳስበው የሐቱሳ ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። አገራቸውን «የሐቲ ምድር» ይሏታል፤ ሐቲ ግን ከእነሱ በፊት እዚያ የነበረና ቋንቋው ፈጽሞ የማይገናኝ የሌላ ሕዝብ ስም ነው። የራሳቸውን ቋንቋ «ኔሺሊ»፣ ማለትም የኔሻ ከተማ ቋንቋ ይሉታል። «ኬጢያዊ» የሚለውን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንስተው የለጠፉባቸው የ19ኛው መቶ ዓመት ተመራማሪዎች ናቸው። መንግሥቱ በ1180 ዓ.ዓ. አካባቢ ሲወድቅም ስሙ አብሮ አልወደቀም። እንደ ካርኬሚሽ ያሉ የሰሜን ሶርያ ትንንሽ መንግሥታት ወረሱት፤ ካርኬሚሽ በአሦር እጅ የወደቀችው በ717 ዓ.ዓ. ነው። ከዚያ ወዲህ አሦራውያንና ባቢሎናውያን «ሐቲ» የሚሉት ከኤፍራጥስ በስተምዕራብ ያለውን አገር ሁሉ ሆነ። የባቢሎን ዜና መዋዕል ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን የከበበበትን ዘመቻ ሲጽፍ «ወደ ሐቲ ምድር ዘመተ» ነው የሚለው። እንግዲህ 2ኛ ነገሥት 7 ላይ ያሉት ነገሥታት በሰሜን ሶርያዎቹ ሊገለጹ ይችላሉ፤ የኬብሮኑን ኤፍሮንን ከሐቱሳ ጋር ማገናኘት ግን ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። ስሙ ራሱ ሴማዊ ነው።

ኅዳር ላይ የንባብ ልምምድ ነበር። የቼክ ተመራማሪው ቤድርዢህ ህሮዝኒ በ1915 የኬጢያውያንን ቋንቋ የፈታበትን ዓረፍተ ነገር በፊደላችን ጽፈን ለአራት ቡድን አደልን፦ «ኑ ኒንዳ-አን ኤዛቴኒ ዋታር-ማ ኤኩቴኒ»። የሰጠናቸው ፍንጭ አንድ ነው፤ «ኒንዳ» ከሱመርኛ የተወሰደ የዳቦ ምልክት መሆኑን። ሁለት ቡድኖች አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ኑ፣ ዳቦ ብሉ!» ብለው ተረጎሙ። ውጤቱ ከትክክለኛው ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም፤ መንገዱ ግን ስህተት ነው። የኬጢኛው «ኑ» ዓረፍተ ነገር መክፈቻ ነው፤ «እንግዲህ» ወይም «እና» እንደማለት። ከእኛ «ኑ» ጋር በአጋጣሚ ነው የገጠመው። ትክክለኛው ትርጉም «እንግዲህ ዳቦ ትበላላችሁ፣ ውሃም ትጠጣላችሁ» ነው።

ታዲያ «ዋታር» ከእንግሊዝኛው «ዎተር» ጋር መመሳሰሉ ለምን አጋጣሚ አይባልም? ጥያቄው ከ9ኛ ክፍል አባላት የመጣ ሲሆን በዓመቱ ከተነሱት ሁሉ የተሻለው ነበር። አንድ ቃል ምንም አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው የቃሉ እርባታ ነው፦ «የውሃ» ለማለት ኬጢኛ «ዌቴናስ» ይላል፣ «ር» ወደ «ን» ይለወጣል፤ ይህንኑ ለውጥ ጥንታዊ ግሪክኛና ሳንስክሪትም በየራሳቸው ቃላት ያሳያሉ። «ኤዛ» ለመብላት፣ ከዚያም የግሱ መድረሻዎች ሲደመሩ ቋንቋው የሕንድ-አውሮፓ ቤተሰብ መሆኑ ይለያል። የሁለቱ «ኑ» መመሳሰል ግን እንዲህ ያለ ተከታይ የለውም።

ሁለተኛው ሴሚስተር የእጅ ሥራ ነበር። ለ24 ሰሌዳ 6 ኪሎ የሸክላ ሠሪ ጭቃ በቂ ነው። እያንዳንዱ 200 ግራም ገደማ ይወስዳል፤ ልኩ 9 በ6 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2። ጭቃው ጠጠሩ ከተለቀመ በኋላ እንደ ሊጥ ለ10 ደቂቃ ይታሻል፤ ውስጡ የቀረ አየር ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። መጻፊያው 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሸምበቆ ነው፤ ጫፉ ስለታም ማዕዘን እንዲኖረው በሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። ለመጻፍ የሚመቸው ጊዜ ጭቃው ጣት ላይ መጣበቁን ትቶ ጥፍር ሲያርፍበት ግን ምልክት የሚይዝበት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ከተጀመረ ሸምበቆው ጭቃውን ይዞት ይነሳል፤ ከዘገየ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

ትልቁ ችግር እስክሪብቶ የለመደ እጅ ነው። አባላቱ በመጀመሪያው ቀን መስመር ጎተቱ። የኩኔይፎርም (የሽብልቅ ቅርጽ) ጽሕፈት አይጎተትም፤ ይጫኑና ያነሱታል፤ የሸምበቆው ማዕዘን ሲጠልቅ ራሱ ወፍራም፣ ጅራቱ ቀጭን የሆነ ሽብልቅ ይቀራል። «ኑ» የሚጻፈው በሁለት ሽብልቅ ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል፤ አንዱ አግድም፣ ሌላው እሱን የሚያቋርጥ ሰያፍ። የፊቱ ገጽ ሲሞላ ሰሌዳው እንደ መጽሐፍ ወደ ጎን አይገለጥም፤ ታችኛው ጠርዝ ላይ ወደ ላይ ይገለበጣል።

ስም መጻፍ ላይ ፊደል ያወቀ ተማሪ ይቀድማል፤ አንድ ምልክት አንድ ክፍለ ቃል መሆኑን ማስረዳት አያስፈልገውም። ልዩነቱ ሁለት ነው። «ባ»፣ «ቢ»፣ «ቡ» በቅርጽ አይመሳሰሉም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠናል። ሳድስም የለም፤ ስለዚህ አናባቢ የሌለው መድረሻ በተገላቢጦሽ ምልክት (አናባቢው ቀድሞ ተነባቢው በሚከተልበት) ይጻፋል። «ሰላም» ሳ-ላ-አም ይሆናል፣ «ብርሃን» ደግሞ ቢ-ኢር-ሃ-አን። «ትዕግሥት» ላይ ሦስት አባላት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተጨቃጭቀው ሳይስማሙ ቀርተዋል።

ማድረቁ 10 ቀን ይፈጃል፤ በጥላ፣ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በየቀኑ እየተገላበጠ። ቶሎ ይድረቅ ተብሎ ፀሐይ ላይ የወጡት አራት ሰሌዳዎች የላይኛው ገጻቸው ቀድሞ ስለተኮማተረ እንደ ጀልባ ጎበጡ። ከዳኑት 20ዎቹ 12ቱን በኩበት እሳት ተኮስን፤ ሦስቱ ፈነዱ። ምክንያቱ ውስጣቸው የቀረ እርጥበት ነው፤ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ሸክላውን ይሰብራል። በሚቀጥለው ጊዜ ከእሳቱ በፊት ለሦስት ሰዓት ያህል ፍሙ ዳር ተደርድረው ሊሞቁ ይገባል።

ከዚያ አንድ የተተኮሰና አንድ ያልተተኮሰ ሰሌዳ ሳፋ ውሃ ውስጥ ተቀመጡ። ያልተተኮሰው ወዲያው አረፋ መልቀቅ ጀመረ፤ ጠርዙ እንደ ስኳር ረገፈ፤ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ጽሑፉ ጠፍቶ ሳፋው ሥር ጭቃ ብቻ ቀረ። የተተኮሰው ላይ የአንዲት አባል ስም እንዳለ ይነበባል። የጥንት ጸሐፊዎች ሰሌዳን በአብዛኛው አድርቀው እንጂ ተኩሰው አያስቀምጡም ነበር። መዝገብ ቤት ሲቃጠል ግን ሰሌዳው ይተኮሳል፤ በብዙ የቁፋሮ ቦታ ሰሌዳዎቹ ጸንተው የተገኙት በዚህ ነው።

ግንቦት ላይ የኬጢያውያንን ሕግ ከኦሪት ጋር አነበብን። 7ኛው አንቀጽ የነጻ ሰው ዓይን ላጠፋ ወይም ጥርስ ለሰበረ «ቀድሞ 40 ሰቅል ብር ይከፍል ነበር፤ አሁን 20 ይከፍላል» ይላል፤ ዘጸአት 21 ላይ «ዓይን በዓይን» ነው። ዘፍጥረት 23 ላይ አብርሃም ለኤፍሮን የከፈለው 400 ሰቅልም ተሰላ። «ብር» የሚለውን አንዳንዶች የኪሳችንን ብር አድርገውት ነበር! በይሁዳ በተገኙ የድንጋይ ሚዛኖች አንድ ሰቅል 11.3 ግራም ገደማ ስለሆነ ጠቅላላው ወደ 4.5 ኪሎ ንጹሕ ብር ይመጣል። ሚዛኖቹ ከአብርሃም ዘመን በጣም የዘገዩ ናቸውና ስሌቱ ግምት ነው።

ክርክሩ የሞቀው በሽያጩ ላይ ነው። አብርሃም በኤፍሮን እርሻ ዳር ያለችውን ዋሻ ብቻ ጠየቀ፤ ኤፍሮን እርሻውንም ጨምሮ ሰጠው። ተመራማሪው ማንፍሬድ ሌማን በ1953 ይህን ከኬጢያውያን ሕግ 46ኛና 47ኛ አንቀጽ ጋር አያያዘው፦ የእርሻውን አብላጫ የያዘ የመንግሥትን ግዴታ ይሸከማል፣ ትንሹን የያዘ አይሸከምም፤ ስለዚህ ኤፍሮን ግዴታውን ጭምር መሸጡ ነው። ሐሳቡ ያምራል፤ አብዛኞቹ አባላትም ደግፈውት ነበር። የዘፍጥረትን ጽሑፍ ቃል በቃል ስናነብ ግን ግዴታ የሚል ነገር የለበትም። ሌላው ተመራማሪ ጂን ተከር በ1966 እንዳሳየው የውሉ አቀራረብ ከኋለኞቹ የባቢሎን የሽያጭ ውሎች ጋር ይቀራረባል። ክበቡ በድምፅ ብልጫ ሌማንን መርጧል፤ የዚህ ዘገባ አቅራቢ ከተከር ጋር ነው።

የቀሩት ሰሌዳዎች ቤተ መጻሕፍት መግቢያ በስተግራ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። በላይኛው መደርደሪያ ያሉት ስምንቱ የተተኮሱ ስለሆኑ ማንሳት ይቻላል። ከታች ያሉት ሰባቱ ጥሬ ናቸው፤ በእርጥብ እጅ አይነኩም፣ መስኮቱም በክረምት ይዘጋ።