4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሰሞኑ ዕትማችሁ የቁጥር እንቆቅልሽ ዓምድ 4,294,967,297ን «ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር» ብሎታል። ማስረጃው ከ100 በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሲካፈል ቀሪ ማስተረፉ ነው። ማስተረፉስ እውነት ነው። ነገር ግን የዚህ ቁጥር ትንሹ አካፋይ እስከ ዳግም ዘሩ፣ ማለትም እስከ 65,536 ድረስ የትም ሊገኝ ስለሚችል 100 ላይ ማቆም ምንም አያረጋግጥም።

ቁጥሩ 641 በ6,700,417 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። በእርሳስ ለሚሞክር፦ 6,700,417 በ600 ሲባዛ 4,020,250,200፣ በ40 ሲባዛ 268,016,680 ይሆናል፤ በሁለቱ ላይ ራሱን 6,700,417ን ደምሩ። ባለ 8 አኃዝ ካልኩሌተር ግን አይበቃም።

በዓምደኛው አንፈርድም፤ ፌርማን የሚያህል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ተሳስቶበታል። በስሙ «የፌርማ ቁጥሮች» የሚባሉት አሠራራቸው ከ3 ተነሥቶ 1 ቀንሶ፣ የቀረውን በራሱ አባዝቶ፣ 1 መደመር ነው፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ቀጣዮቹም እንዲሁ ይሆናሉ ብሎ ገመተ፤ ስድስተኛው ይኸው የእኛ ቁጥር ነው። ግምቱን ያፈረሰው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በ1732።

641 በዕድል የተገኘ አይደለም። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 እንደሚተርፈው ኦይለር አሳይቷል፤ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ በኋላ 64ን ወደ 128 ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ መሞከር ያለባቸው 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 እያሉ የሚሄዱት ብቻ ናቸው። 129 እና 513 የ3 ብዜት፣ 385 የ5 ብዜት በመሆናቸው ይወድቃሉ። 257ም ያለ ማካፈል ይወድቃል፦ አምስቱን የፌርማ ቁጥሮች እርስ በርስ ብታባዟቸው 4,294,967,295 ይመጣል፤ ከእኛ ቁጥር በ2 ብቻ ያንሳል፤ ስለዚህ ቁጥራችን ለ257 ሲካፈል 2 ይተርፋል። እንግዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ ሙከራ 641 ነው ማለት ነው።

6,700,417 ራሱ ብቸኛ ነው? ዳግም ዘሩ 2,588 ገደማ ነው። የእሱ አካፋይ የቁጥራችንም አካፋይ ስለሆነ ለ128 ሲካፈል 1 ሊተርፈው ይገባል፤ እስከዚያ ድረስ ይህን የሚያሟሉት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከወደቀው ከ257 በቀር፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ናቸው፤ 6,700,417 ለእነዚህ ሲካፈል የሚተርፈውም በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334፣ 622 ነው። አዎ፣ ብቸኛ ነው።

በኮምፒዩተር ለሚሞክሩ አንባቢዎች ሁለት ወጥመድ አለ። ባለ 32 ቢት ቋት (ኮምፒዩተሩ ቁጥር የሚያስቀምጥበት ቦታ) የሚይዘው እስከ 4,294,967,295 ስለሆነ ይህ ቁጥር ሲገባ ሞልቶ ይዞርና 1 ሆኖ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ በ2 የሚደረገው ፈጣን ፈተና (2ን ከቁጥሩ አንድ ባነሰ አርቢ አሳድጎ በቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው 1 መሆኑን ማየት) ያሳልፈዋል፤ ቁጥሩ ራሱ ከ2 የተሠራ (2 በአርቢ 32 አድጎ 1 የተደመረበት) ስለሆነ 2 አይመሰክርበትም። በ2 ፈንታ 3 ሲገባ ግን ወዲያው ይወድቃል።

እርማቱን በዚያው ዓምድ ብታወጡልን ደስ ይለናል። በምትኩ እውነተኛ ባለ 10 አኃዝ ብቸኛ ቁጥር ከፈለጋችሁ 2,147,483,647 አለላችሁ፤ ብቸኛ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1772 ያሳወቀውም ይኸው ኦይለር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ መምህራን