ቅዳሜ፦ በቀረጻ ላይ የሚንጣጣውን ድምፅ እንፈታለን

ሰላም ለሁላችሁ፤

ቤት ስንቀርጽ የሚያስቸግረንን የመንጣጣት ችግር አብረን ለመፈተሽ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ፒያሳ በተለመደው ክፍላችን እንገናኝ። ላፕቶፕ፣ የድምፅ ካርድ ከነኬብሉና ሄድፎን ያዙ። ቻርጅ ሞልታችሁ ኑ፤ መብራትን ማመን አይቻልም። ማሲንቆ ወይም ክራር ያለው ያምጣ።

እስከዚያው ይህን ሞክሩ። የቀረጻችሁትን ደጋግማችሁ ስሙ። ሁሌ እዚያው ቦታ ላይ ከተንጣጣ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ቦታ ከቀያየረ ግን ኮምፒውተሩ ሲያጫውት እየደከመ ነው፤ ቀረጻው ደህና ሊሆን ይችላል። በፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንዴ አጠራቅሞ የሚያስተናግደውን የድምፅ ናሙና ብዛት) ከ64 ወደ 256 ከፍ አድርጉት። በሰከንድ 44,100 ናሙና (44,100 ኸርዝ) ስትቀርጹ በፈሩ የሚያመጣው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ 6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፣ ለክራር ምንም አይል። ዋይፋይ አጥፉ፤ ካርዱንም በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። አዲስ ካርድ ለመግዛት አትቸኩሉ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን፤ ዊንዶውስ ይሁን ማክ መጠቀማችሁንም ጨምሩበት።