ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት

ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ጆሮዎ ስለሚያስቸግርዎ፣ ነገሩም በጩኸት የሚነገር ስላልሆነ በደብዳቤ ማድረጉን መረጥኩ።

ባለፈው እሁድ የነገሩኝ ከልቤ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ እኔን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሲመጡ የሥጋ ዘመዶቼ በወላጅ ቦታ እንዲቀመጡ፣ እርስዎ ከጎን እንደሚሆኑ ነግረውኛል። የሟች ወላጅ አባቴ ስም እንዳይጠፋ አስበው መሆኑን አውቃለሁ። ለጓደኛዎ አደራ እስከዚህ ድረስ መታመንዎ ያኮራኛል። ግን አይሆንም አባባ።

ሰላሌ ሄጄ አክስቴን፣ የወላጅ አባቴን እህት፣ አነጋግሬያታለሁ። ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ ስላት እስከ አምስተኛው ድረስ ሳትደናቀፍ ጠራችልኝ፤ የቀረውን የጎረቤት ሽማግሌ አስጠርታ አስሞላችው። በእናቴ ወገን ያለውንም የምታውቀውን ያህል ነገረችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ፣ «ይህን የቆጠርኩልሽ ሳታውቂ ዘመድሽን እንዳታገቢ ነው። የማን ልጅ ነሽ ቢሉሽ ግን የእሱ ነሽ። በእኛ በኦሮሞዎች ወግ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ የአሳዳጊውን ጎሳ ነው የሚቆጥረው። ወንድሜ ሰጠ፣ እሱ ተቀበለ፤ የሰጠነውን መልሰን አንወስድም» አለችኝ።

ይኸው ነው እንግዲህ። እርስዎ ለእነሱ ይለቁኛል፣ እነሱ ለእርስዎ ይለቁኛል። በር ላይ ቆመው «እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባባሉ እንግዶች ሁለታችሁ በይሉኝታ ስትገባበዙ እኔ ውጭ ልቀር ነው።

ሕጉንም አንብቤዋለሁ። በ1993 እርስዎና እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ያስጸደቃችሁት ውል የሚገዛው በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ሕጉ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አድራጊው ልጅ ትቆጠራለች ይላል። አንቀጽ 183 ደግሞ ከተወለደችበት ቤተሰብ ጋር ያላት ግንኙነት አይቋረጥም፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል ይላል። ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። ለካ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል የለብኝም። ሽማግሌ ፊት «አባቷ ማነው?» ሲባል ግን ምርጫ ግድ ነው፤ ያኔ የሚቀድሙት እርስዎ ነዎት።

ታላቅ ወንድምዎ ያኔ ከመንዝ ድረስ መጥተው፣ «የባዕድ ልጅ የአባታችንን ስም ልትጠራበት ነው?» ማለታቸውን እማማ ነግራኛለች። ያ ሕግ ዘመድ ተቃውሞውን ፍርድ ቤት እንዲያስመዘግብ ይፈቅድ ነበር፤ እሳቸው ግን አላስመዘገቡም። እኔም ያደግኩት ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ገበታ እየበላሁ ነው። ሲያርፉ ለቅሶው ላይ ከልጆቻቸው ተርታ ቆሜ ሳለቅስ ማንም ዞር በይ አላለኝም።

አሁን የምለምንዎት ነገር አለ። የእጮኛዬ እናት እናት የተወለዱት መንዝ ነው። ስለዚህ የእርስዎም ሰባት ቤት መቆጠር አለበት። «እኛ እኮ ደም የለንም» እንዳይሉኝ። የአጎቴ ልጆች ዘመዳቸውን ቢያገቡ ነውር ከሆነ፣ ለእኔም ነውር ነው። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ በነበረው ቤታችን ማታ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ያስቆጥሩኝ ነበር፤ አራተኛው ላይ ስሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር። እነዚያ ስሞች የእኔ ካልሆኑ የማን ናቸው? የእኔ ልጅ ስትጠይቀኝ የምነግራት እነሱን ነው፤ ቀጥዬም የሰላሌዎቹን።

በነገራችን ላይ፣ ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆች ዛሬ አድገው ዘመድ ፍለጋ ይመጣሉ። መንግሥት በ2010 የውጭ ጉዲፈቻን ከልክሏል፤ ቀድሞ የሄዱት ግን ፍለጋቸው አላለቀም። አንዳንዶቹ በእጃቸው ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፣ ወረቀቱም የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የሟች አባቴን መቃብር እርስዎ ራስዎ እጄን ይዘው አሳይተውኛል። በየዓመቱ ተዝካሩ ላይ አብረን ቆመናል። ማን እንደወለደኝ አንድም ቀን አልደበቁኝም። ከዚህ በላይ ምን አደራ አለ?

ያ የፒያሳው ቤታችን በ2016 ባይፈርስ ሽማግሌዎቹን እዚያው በተቀበልን ነበር። አሁን ግን አራት ኪሎ እኔ ቤት ይሁን፤ ለእነሱም ለመምጣት ይቀላል፣ እርስዎንም በመኪና አስመጣዎታለሁ። ቀኑ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ያለው የመጀመሪያው እሁድ ነው። ዋናው ወንበር የእርስዎ ነው፤ አክስቴ በቀኝዎ ትቀመጣለች። የእሷን ሰባት ቤት እሷ ትጥራ፣ የእርስዎን እርስዎ ይጥሩ።

እስከዚያው ስሞቹን በወረቀት ያስጽፉልኝ፤ ከስድስተኛው በላይ ያለውን ከተጠራጠሩ መንዝ ላሉት ዘመዶች ያስደውሉ። አክስቴንም እርስዎ ራስዎ ደውለው ይጥሯት። እኔ ብጠራትም ትመጣለች፤ ከእርስዎ ሲመጣ ግን ክብሩ ሌላ ነው።

ልጅዎ